ስም አንድ፣ እንጀራ ለየቅል፦ ስለ ሞክሼዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዳዊት ተብዬ ስኖር ሰው የጠየቀኝንና እኔም ሰው የጠየቅኩትን እነሆ።

ሞክሼ ማለት ምን ማለት ነው?

ስሙ ከስምህ ጋር አንድ የሆነ ሰው ሞክሼህ ነው። ቃሉ ለፊደልም ይሠራል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ «ሞክሼ ፊደላት» ይባላሉ። ድምፃቸው አንድ ነው፣ መልካቸው ግን ይለያያል። ሰዎቹም እንደዚያው ናቸው።

ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ስማቸው አንድ መሆኑን ሲያውቁ «ሞክሼ!» ብለው ይጨባበጣሉ። ከዚያ ወዲያ ስም መጥራት ቀረ። የሰፈራችን ጫማ ጠጋኝ ዳዊት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ «ሞክሼ» እያለ ነው የሚጠራኝ። ለሞክሼ ቅናሽ አለ ይለኛል። ቅናሹን እስካሁን አላየሁትም።

ለምን እንዲህ በዙብን?

ዋናው ምክንያት የቤተሰብ ስም ስለሌለን ነው። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፤ በቃ። ሦስቱም የሚቀዱት ከአንድ ማሰሮ ነው። ዳዊት፣ ዮሐንስ፣ ሰለሞን ከመጽሐፍ ይመጣሉ። መሐመድ፣ አሕመድ፣ ፋጡማም እንዲሁ ከእምነቱ። ሌላው የወላጅ ምኞት ነው፦ ተስፋዬ፣ ሙሉጌታ፣ ታምራት።

ስም ደግሞ ፋሽን አለው። የአያቶቻችን ዘመን የከበደና የአበበ ነበር። እንዲያውም አበበ ስም ብቻ መሆኑ ቀርቶ ምሳሌ ሆኗል። «አበበ በሶ በላ» ያላለ ተማሪ የለም። እኔ በተማርኩበት ክፍል ደግሞ አራት ቤተልሔሞች ነበሩ። መምህሩ ቢቸግራቸው ረጅሟ፣ ቀይዋ፣ የፊተኛዋ እና «ሌላዋ» ብለው ለዩዋቸው። ሌላዋ የተባለችው እስከ ዛሬ ይቅር ያለቻቸው አይመስለኝም።

ስልኬ ውስጥ ስድስት ዳዊት አለ። እንዴት ልመዝግባቸው?

ሁላችንም የምናደርገውን ማድረግ ነው። ሙያውን የአባት ስም ማድረግ። የእኔ ስልክ ውስጥ ዳዊት ጂፕሰም፣ ዳዊት ባጃጅ፣ ዳዊት ላዳ፣ ዳዊት ኢንሹራንስ እና ዳዊት ዶክተር አሉ። ስድስተኛው «ዳዊት አዲሱ» ይላል። ማን እንደሆነ ረስቼዋለሁ፤ ለመደወልም አፍራለሁ።

ሰፈር ውስጥም ቢሆን ከድሮ ጀምሮ መለያው ሙያ ነው። ከበደ ልብስ ሰፊው፣ ተስፋዬ መካኒኩ እንላለን። የአባታቸውን ስም የሚያውቀው የዕድሩ ጸሐፊ ብቻ ሊሆን ይችላል። አንድ ምክር ግን አለኝ። ሰው ሥራ ይቀይራል። ዳዊት ላዳ ላዳውን ሸጦ ሱቅ ከከፈተ ሦስት ዓመቱ ነው። እኔ ስልክ ላይ ግን አሁንም ይነዳል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ታዲያ ስማቸው አንድ የሆኑ ሰዎች ሥራቸው ለምን አይመሳሰልም?

ለዚህ ጥያቄ ከመንግሥቱ የተሻለ መልስ የለኝም። አራት መንግሥቱዎችን እንይ። ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የክብር ዘበኛ አዛዥ ነበሩ። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ ከወንድማቸው ከገርማሜ ጋር ሆነው መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ከሸፈ። በመጋቢት ተሰቀሉ። የእሳቸው መልአክ ስሙን ሲያወጣ ምን አስቦ እንደነበር እንጃ። መንግሥቱ የሚባል ሰው መንግሥት ሊፈነቅል ተነሣ።

ዓመት አለፍ ብሎ፣ ጥር 1954 ዓ.ም.፣ ከተማው ሌላ መንግሥቱን እያጨበጨበ ነበር። የቅዱስ ጊዮርጊሱ አጥቂ መንግሥቱ ወርቁ ነው። ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ስታሸንፍ አንዷ ጎል የእሱ ነበረች። ያንን ዋንጫ እስከ ዛሬ አልደገምነውም። በዚያው ዘመን ሦስተኛው መንግሥቱ ቁጭ ብሎ ሰው የሚያስቅ ነገር ይጽፍ ነበር። መንግሥቱ ለማ፣ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት። የቤተ ክህነቱ ሊቅ የአለቃ ለማ ልጅ ነው። ለንደን ተምሮ መጥቶ በጋብቻችንና በማዕረግ ኩራታችን የሚያሾፉ ኮሜዲዎች ሰጠን።

አራተኛውን ሁሉም ያውቀዋል። ሻለቃ፣ ኋላም ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ደርግን መርተው ግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። ከአራቱ መንግሥትን በእጁ ያስገባው እሳቸው ብቻ ናቸው። መልአኩ ከአራት አንዱን መታ ማለት ነው። አሁን «መንግሥቱ» ስትል ሰው ሁሉ ወደ አራተኛው ነው የሚሄደው። አንድ የጊዮርጊስ ደጋፊ የሆኑ አዛውንት ጎረቤት አሉኝ። እሳቸው ፊት ብቻ «መንግሥቱ» ሲባል ኳስ ነው።

ሌሎች ታዋቂ ሞክሼዎችስ?

ብዙ ናቸው። እኔ የምወዳቸውን ልጥቀስ። ኃይሌ ገብረሥላሴ አትላንታና ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣልን ሯጭ ነው። ኃይሌ ገሪማ የጎንደር ልጅ፣ የፊልም ሠሪ፣ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለዓመታት ያስተማረ ሰው ነው። አንዱ ለሃያ ሰባት ደቂቃ ይሮጣል። ሌላው አንድ ፊልም ለመጨረስ ስንት ዓመት ይታገላል። ነገሩን የሚያጣፍጠው ሯጩ ኃይሌም ስለ ራሱ በተሠራ ፊልም ላይ ራሱን ሆኖ መተወኑ ነው።

ጥላሁን ሲባል ጥላሁን ገሠሠ ይመጣል፤ ልክ ነው። ስድስት ኪሎ የተማሩ የዚያ ዘመን ሰዎች ግን ሌላ ጥላሁንም አላቸው። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. በጥይት ተገደለ። አንዱ ጥላሁን የተዘፈነለት፣ አንዱ የዘፈነ።

አፈወርቅ ደግሞ ግራ ያጋባል። አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ ያሉትን ባለቀለም የመስታወት ሥዕሎች የሠራው ነው። አፈወርቅ ገብረኢየሱስ ደግሞ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፈው ነው፤ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ። ሠዓሊና ደራሲ፣ የተለያዩ ናቸው ትላለህ። ደራሲው አፈወርቅ ግን መጀመሪያ ጣሊያን የተላከው ሥዕል ሊማር ነበር! ከሴቶቹ፦ እጅጋየሁ ሽባባው፣ ጂጂ የምንላት፣ ትዘፍናለች። እጅጋየሁ ዲባባ አቴንስ ላይ በ10,000 ሜትር ብር አምጥታለች። ታምራት ደግሞ ሦስት አሉ፦ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ታምራት ላይኔ፣ ዘፋኙ ታምራት ደስታ፣ በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈው ታምራት ቶላ።

የአባቱ ስም ሳይጠራ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ይቻላል?

አንዳንዴ ግሡ ይነግርሃል። «ሙላቱ መጣ» ከተባለ ሙላቱ አስታጥቄ ነው፣ የኢትዮ ጃዙ። «ሙላቱ መጡ» ከተባለ ሙላቱ ተሾመ ናቸው፣ ከ2006 እስከ 2011 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት የነበሩት። ለባለሥልጣን አንቱ፣ ለዘፋኝና ለሯጭ አንተ እንላለን። አማርኛ ሞክሼ የሚለይበት የራሱ ዘዴ አለው።

ዘዴው ፍትሐዊ ነው ወይ? አይመስለኝም። ሙላቱ አስታጥቄ ፕሬዚዳንቱን በዕድሜ ይበልጣል። ጃዝ ስለተጫወተ ብቻ አንተ ይባላል። አሁን አሁን ጋዜጠኞች «ጋሽ ሙላቱ» እያሉ አንቱ ማለት ጀምረዋል። ደስ ይላል፤ ችግሩ ግሡ መለየቱን ማቆሙ ነው። ይህን ስጽፍ እኔም አንዱን አንቱ፣ አንዱን አንተ እያልኩ እንደሆነ ሳታዩ አትቀሩም።

ድሮ የአያት ስም ሳይጻፍ እንዴት ይለዩ ነበር?

በማዕረግ፣ በአገር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በፈረስ ስም። የ19ኛውን መቶ ዘመን ሁለት ካሣዎች ውሰዱ። ካሣ ኃይሉ የቋራው፣ ካሣ ምርጫ የትግራዩ። ሁለቱም ነገሡ! የመጀመሪያው ዓፄ ቴዎድሮስ ሆነ፣ ሁለተኛው ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ። የፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ እና አባ በዝብዝ ነው። ለዚህ ነው ዮሐንስን «በዝብዝ ካሣ» የሚሏቸው። ቴዎድሮስ ደግሞ «መይሳው ካሣ» ይባላል።

ታሪኩ ትንሽ የሚያም ጎን አለው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በአንደኛው ካሣ ላይ ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ሁለተኛው ካሣ መንገድ ከፍተው አሳለፉት። በምላሹ መሣሪያ አገኙ። ሞክሼነት ወንድምነት አይደለም።

በነገራችን ላይ የቴዲ አፍሮ ሙሉ ስሙ ቴዎድሮስ ካሣሁን ነው። ንጉሡ መጀመሪያ ካሣ ኋላ ቴዎድሮስ፤ ዘፋኙ ቴዎድሮስ፣ አባቱ ካሣሁን። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ቴዎድሮስ አድሃኖምን ስትጨምሩበት ንጉሥ፣ ዘፋኝና የጤና ኃላፊ በአንድ ስም ተሰለፉ።

የአባታቸው ስም አንድ የሆነ ሰዎች ዘመድ ናቸው?

በስሙ ብቻ አይታወቅም። የውጭ አገር ጋዜጠኞች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ሊያ ከበደ ሞዴል ናት። ጸጋዬ ከበደ የለንደን ማራቶንን ሁለቴ ያሸነፈ ሯጭ ነው። አበሩ ከበደ በርሊንን ሦስቴ አሸንፋለች። ፈረንጅ ይህን ሲያይ «የከበደ ቤተሰብ» ይላል። ከበደ ግን ሦስት የተለያዩ አባቶች ናቸው።

ዲባባ ላይ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። ጥሩነሽ፣ ገንዘቤ እና እጅጋየሁ በእርግጥም እህትማማቾች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ቤጂንግ ላይ የዓለም ማራቶን ያሸነፈችው ማሬ ዲባባ ግን እህታቸው አይደለችም። በተቃራኒው ደራርቱ ቱሉ ዘመዳቸው ናት፤ ስማቸው ግን አይገናኝም። ሚስትም የባሏን ስም አትይዝም። ስለዚህ ባልና ሚስት በስም እንደ ባዳ ናቸው።

የሚገርመው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም አለው ይላል። ሕጉ አለ አለ፤ ሕዝቡ ግን አልሰማውም።

ውጭ አገር ስሄድ ይህ ነገር ምን ይሆናል?

ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ አንተ የአባትህን ወይም የአያትህን ስም ትሞላለህ። ከዚያ ልጆችህ ይወርሱታል፣ የልጅ ልጆችህም። አንድ ሽማግሌ ሳያስቡት የዘር ግንድ ይሆናሉ። ዘ ዊኬንድን እዩት። ቶሮንቶ የተወለደው ዘፋኝ ሙሉ ስሙ አቤል መኮንን ተስፋዬ ነው። እዚያ ሚስተር ተስፋዬ ይባላል። እዚህ ቢሆን አቤል መኮንን ነበር። በአገራችን ስንት አቤል መኮንን እንዳለ አስቡት፤ አንዱ ምናልባት አሁን ቧንቧ እየጠገነ ይሆናል።

የእኔም፣ የአባቴም፣ የአያቴም ስም ከሌላ ሰው ጋር ቢገጥምስ?

ይገጥማል። አንድ ባንክ ውስጥ ወረፋ ስጠብቅ የእኔና የአባቴ ስም ተጠራ። ሁለት ሰው ተነሣን። አያት ተጠራ። ሁለታችንም ቆመን ቀረን! ልጅቷ ሳቀችና «የእናት ስም?» አለች። ያኔ ተለያየን። ቅጽ ላይ የእናት ስም የሚጠየቀው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የእናት ስም ሚስጥራዊ ቁልፍ ነው፤ በቀላሉ ለማንም አትንገሩ።

አሁን የፋይዳ መታወቂያ ነገሩን አቅልሎታል። አሻራ፣ የዓይን ብሌንና ፎቶ ይወስድና ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር ይሰጣል። ስሙ ሦስት ትውልድ ድረስ ቢገጥም ቁጥሩ አይገጥምም። እኔና ባንክ ቤት ያገኘሁት ሞክሼዬ ግን ከቁጥሩ በፊት ቡና ጠጥተናል። እሱ የግብር ሠራተኛ ነው። ቡናውን እኔ ከፈልኩ፤ ደረሰኝ ጠይቀሃል ወይ አለኝ።

ሞክሼ ሳይኖረኝ እኔው ሁለት ሰው ብሆንስ?

ይህ ደግሞ የሞክሼ ፊደላት ሥራ ነው። ኃይሌ፣ ሐይሌ፣ ሀይሌ፣ ሃይሌ። አራቱም ሲነበቡ አንድ ናቸው። ኮምፒውተር ግን አራት ሰው ነው የሚያየው። የትምህርት ማስረጃው በፀ፣ የልደት ካርዱ በጸ የተጻፈ ሰው መስኮት ላይ «ያው ነው እኮ!» እያለ ሲለምን አይቻለሁ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ይብሳል። ፓስፖርቱ ላይ አንድ፣ ዲግሪው ላይ ሌላ።

መፍትሔው አሰልቺ ነው። መጀመሪያ ፓስፖርት ወይም ፋይዳ ላይ ያለውን አጻጻፍ ያዝ። ከዚያ ወዲያ የምታወጣውን ሁሉ ፊደል በፊደል እሱን አስመስል። መስኮቱን ለቀህ ከመውጣትህ በፊት አንብብ። ስህተቱ ከፊደል አልፎ ስሙ ራሱ የተለያየ ከሆነ ግን ፍርድ ቤት መሄድ ይመጣል።

የእኔን ሙያ የያዘ ታዋቂ ሞክሼ ካለ ምን ላድርግ?

ሙያችሁ የተለያየ ከሆነ ችግር የለም። ጥላሁን የሚባል የጥርስ ሐኪም ማንንም አያሳስትም። ጥላሁን የሚባል ዘፋኝ መሆን ግን ድፍረት ይጠይቃል። ለዚህ ነው ዘፋኞች ቅጽል የሚያበጁት። ቴዲ አፍሮ አለ፣ ራፐሩ ቴዲ ዮ አለ። «ቴዲ» ብቻ ብሎ አልበም ማውጣት ለማንም አይበጅም። የአያትህን ስም መጨመርም ይቻላል። እኔ የምመርጠው እሱን ነው፤ አያትም ደስ ይላቸዋል።

ለሞክሼዬ የተላከ ገንዘብ እኔ ጋ ቢመጣስ?

መልስ። በሕግም ያለ አግባብ መበልጸግ ይባላል፤ የማይገባህን የተቀበልክ መመለስ አለብህ። «የላኪው ስህተት ነው» ማለት አያዋጣም። ለላኪም አንድ ነገር ልበል። ስሙን ብቻ አይታችሁ አትላኩ፣ ስልኩን ደግማችሁ እዩ። ስሙ ዳዊት መሆኑ ምንም ማረጋገጫ አይደለም።

እኔ ላይ ደርሷል። አንድ ማታ ስልኬ ላይ 4,000 ብር ገባ። ደወልኩ። አንዲት ሴትዮ ናቸው። ጣሪያቸውን ለሚሠራላቸው ለዳዊት ጂፕሰም ቀብድ መላካቸው ነበር፤ ቁጥሩን ከእኛው ሰፈር ሰው ወስደው ተሳሳቱ። ብሩን መለስኩ፤ ትክክለኛውን ዳዊትም አገናኘኋቸው። በቀደም ለዓውደ ዓመት ሲደውሉልኝ ልጃቸው ስልኩን ተቀበለችና «እማዬ አንተን እንዴት እንደመዘገበችህ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ዳዊት ብር የመለሰው።»